ካልሲው ጮኸ እንበል፣ ማን ይቀመጣል?

ደሴ ፒያሳ ሞባይል እጠግናለሁ። ከስልክ ጋር የሚመጣው ዕቃ ሁሉ በእጄ ያልፋል። ቻርጀሩ፣ ኢርፎኑ፣ አሁን አሁን ደግሞ ስማርት ሰዓቱ። የሰዓቶቹ ካርቶን ላይ ያልተጻፈ ነገር የለም። ልብ ምት ይለካል፣ ግፊት ይለካል፣ ኦክስጅን ይለካል። ስኳርም ይለካል ይላል፤ ጣት ሳይወጋ፣ ጠብታ ደም ሳይወጣ።

የስኳሩን ነገር እርሱት። በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 2024 የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር የሚለካ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንዳልፈቀደ ገልጾ ሰዉን አስጠንቅቋል። ሰዓቱ ከሥሩ አረንጓዴ መብራት ያበራል። ከቆዳው የሚመለሰውን ብርሃን አይቶ የልብ ምት ይገምታል። ስኳር በዚያ መብራት አይታይም። ቁጥሩ ግን ይወጣል። ቁጥር ማውጣትማ ምን ችግር አለው፤ አንዳንዱ ርካሽ ሰዓት ጥቅል ሶፍት ላይ ታስሮም ልብ ምት ያሳያል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው በእንዲህ ያለ ቁጥር መጠኑን ቢወስን ግን ቀልድ አይደለም፤ ስኳሩ ወርዶ መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ክንድ ላይ የሚለጠፉት፣ ቀጭን ክር የምታክል ነገር ከቆዳ ሥር የሚያስገቡት ሌላ ናቸው። እነሱ እውነትም ይለካሉ።

እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ እግር ነው።

ጅዳ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ አለች። ሰሞኑን በኢሞ ቪዲዮ ላከችልኝ። ካልሲ ነው። ሲያዩት ተራ ካልሲ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የእግርን ሙቀት የሚለኩ ጥቃቅን ሴንሰሮች ተሸምነውበታል። እግር ሳይቆስል በፊት ያስጠነቅቃል። ከቪዲዮው ሥር በድምፅ እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድም ጋሼ፣ ለእማዬ ልግዛላት? ወይስ ሰዓቱ ይሻላል? አንተ ታውቃለህ መቼም።»

አክስቴ ስኳር ካለባት ቆይቷል። ሰኞ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፤ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ አብሽ። ቀኑን ሙሉ ወይ ቆማለች ወይ በርጩማ ላይ ነች። መጀመሪያ እግሯን ጉንዳን እንደሚሄድበት ያደርጋት ነበር። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ማቃጠል ጀመረ። ብርድ ልብሱ ሲነካት እንኳ አይቻላትም። ቆይቶ ማቃጠሉ ቀስ በቀስ ጠፋ። «አልሐምዱሊላህ፣ ተወኝ» አለች። ጎረቤቱም እንኳን ማረሽ አላት።

በሽታው አልተዋትም። የተዋት ነርቩ ነው።

ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቭን ይጎዳል። ቀድመው የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ናቸው፣ እግር ጣት ድረስ የሚወርዱት። ሕመም የሚያደርሰው ነርቭ ሲሞት እግሩ ጠጠር ገብቶበትም ዝም ይላል። የእግርን ትናንሽ ጡንቻዎች የሚያዝዘው ሲደክም ጣቶች ይቆለመማሉ፣ ሸክሙ ከጣቶቹ ሥር ባለው አጥንት ላይ ይወድቃል። ላብ የሚያወጣው ሲጠፋ ቆዳው ይደርቃል፣ ተረከዝ ይሰነጠቃል። ሸክም የበዛበት ቦታ መጅ ያወጣል። መጁ ራሱ ደግሞ ከሥሩ ያለውን ሥጋ ይጫነዋል። ከመጁ ሥር ደም ይቋጥራል፣ ሥጋው ይሞታል፤ ላዩ ግን ደህና ቆዳ ነው። የደም ሥርም ከጠበበ ቁስሉ የሚድንበት ደም አያገኝም። «ጋንግሪን ሆነባት፣ ተቆረጠች» የሚባለው ወሬ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለች፣ ማንም ያላያት ትንሽ ቦታ ናት።

ነገሩ ብርቅ አይደለም። ስኳር ካለባቸው 100 ሰዎች ከ19 እስከ 34 የሚሆኑት በዕድሜ ዘመናቸው አንድ ቀን እግራቸው ይቆስላል ተብሎ ይገመታል። ቁስሉ ድኖላቸው ከሄዱት ውስጥ ደግሞ 40 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ። አንዴ የቆሰለ እግር ዕድሜ ልኩን ጠባቂ ይፈልጋል።

እኛ አገር ደግሞ ሰበቡ ብዙ ነው። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማታ ከሰል ይቀጣጠላል፣ እግር ወደ ምድጃው ይዘረጋል፣ ወሬው ይደራል። የማይሰማው እግር እዚያው ይቃጠላል፣ ባለቤቱ እየሳቀ። ለውዱእ ውሃ ይሞቃል፤ ሙቀቱን መለካት ያለበት ክርን ነው፣ እግር አይደለም። ታጥቦ ሲያበቃ ደግሞ የጣቶቹ መሐል በደንብ ካልደረቀ ቆዳው ይበሰብሳል። (በነገራችን ላይ በቀን አምስት ጊዜ እግሩን የሚታጠብ ሰው በቀን አምስት ጊዜ እግሩን የማየት ዕድል አለው። ይሄን ዕድል ብዙ አገር አያገኘውም።) ክርስቲያኑም ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ያወልቃል፣ ለክብረ በዓል ለሰዓታት ይቆማል። ኮምቦልቻ ሲወርዱ ፀሐይ ያጋለው አስፋልት አለ። ሰልቫጅ ጫማ አለ፤ ውስጡ በሌላ ሰው እግር ቅርጽ የተረገጠ። ኮንጎ ጫማ አለ፤ ጠርዙ ቁርጭምጭሚት የሚልጥ። ጤነኛ ሰው ሲልጠው ያወልቀዋል። አክስቴ አታወልቀውም፣ አይነግራትማ።

የማያመው እግር ነገር ለወሎ እንግዳ አይደለም። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን በሥጋ ደዌ ሕክምና ሲታወቅ የኖረ ነው። ሥጋ ደዌም ነርቭን ነው የሚገድለው። ድሮ ሰው የሕሙማኑን ጣት በሽታው ራሱ የሚበላው ይመስለው ነበር። ፖል ብራንድ የሚባል ሐኪም ሕንድ ውስጥ ቬሎር በምትባል ከተማ ሲሠራ ነው ነገሩን በደንብ ያሳየው። ጣቶቹን የሚጨርሳቸው ያልተሰማ ቃጠሎ፣ ያልተሰማ ጫማ፣ ያልተሰማ ሚስማር ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ አሜሪካ፣ ካርቪል ወደሚባል የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሄደ። እዚያ ያስተዋለው ነገር ለስኳር ሕሙማን ትልቅ ሆነ፤ የእነሱም የእግር ቁስል መንገዱ አንድ ነው።

ብራንድ ከዚያ አንድ ደፋር ነገር ሞከረ። ሕመም ከሌላቸው ሰው ሠራሽ ሕመም ልሥራላቸው አለ። ጓንትና ካልሲ ላይ የግፊት ሴንሰር ተገጠመ። ጫና ሲበዛ መጀመሪያ በጆሮ ድምፅ እንዲሰማ ተደረገ። ሰዎቹ ድምፁን ሰምተው ሥራቸውን ቀጠሉ። መብራት ተሞከረ፤ እሱንም አይተው ቀጠሉ። በመጨረሻ ብብት ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ እንዲነዝራቸው ተደረገ። ይሄኔ ምን አደረጉ? ማድረግ የፈለጉት ነገር ሲኖር ማሽኑን አጥፍተው ሥራቸውን ይሠሩና መልሰው ያበሩት ነበር። ፕሮጀክቱ ቀረ።

ይሄን ሳነብ የራሴ ሥራ ትዝ አለኝ። የብዙ ስልክ ባትሪ ከፕላስና ከማይነስ ሌላ ትርፍ እግር አለው፤ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር የሚያያዘው እዚያ ነው። ስልኩ ከልክ በላይ ሲግል ቻርጅ አልቀበልም ይላል። ደንበኛው ቢቆጣም፣ ሐዋላ እየጠበቀ ቢሆንም፣ አይቀበልም። ማጥፊያ የለውም። ሕመምም እንደዚያ ነው። ለማመልከት ብቻ አልተሠራም፣ ለማስገደድ ነው የተሠራው። ስለ እግር ቴክኖሎጂ አንድ ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው እሱን ነው፤ ይሄ ዕቃ ማስገደድ ይችላል?

ቴክኖሎጂው ራሱ የሚናቅ አይደለም፣ ከሐሳቡ እንጀምር። ቆዳ ከመቁሰሉ በፊት ከሥሩ ያለው ሥጋ ይቆጣል። የተቆጣ ሥጋ ይሞቃል። ሙቀቱ ቁስሉን በቀናት፣ አንዳንዴም በሳምንታት ይቀድማል። ችግሩ ስንት ዲግሪ ሲሆን ነው «ሞቀ» የሚባለው? የደሴ እግርና የኮምቦልቻ እግር አንድ አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ 1,850 ሜትር አካባቢ ነህ፣ ሹራብህን ታወልቃለህ። እዚህ ጠዋት በረዶ የሆነ እግር እዚያ ቀትር ላይ ይግላል። መፍትሔው ግን ሲያዩት ይገርማል። ግራን ከቀኝ አወዳድር። ሁለቱም እግሮች አንድ ብርድ፣ አንድ ሙቀት ነው የሚያገኛቸው። አንዱ ቦታ ከሌላው እግር ተመሳሳይ ቦታ በ2.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከበለጠ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ጥሩ ጥሩ ጥናቶች ተሠርተዋል። በፈረንጆች 2007 በታተመ አንድ ጥናት አሜሪካ ውስጥ 225 ለቁስል የተጋለጡ ሰዎች ለ18 ወር ተከታተሉ። ግማሾቹ እግራቸውን በየቀኑ በእጅ በሚያዝ ቴርሞሜትር ለኩ፤ ልዩነቱ ሲያልፍ እርምጃቸውን ቀንሰው ነርሷን ጠሩ። ካልለኩት 12.2 በመቶ ቆሰሉ፣ ከለኩት 4.7 በመቶ። ልብ በሉ፣ ይህ ተራ ቴርሞሜትር ነው። ከካልሲው በፊት የነበረ።

ካልሲው የመጣው ይሄን ድካም ለመቀነስ ነው። ሳይረን የሚባለው የአሜሪካ ካልሲ ከእያንዳንዱ እግር ስድስት ቦታ ሙቀት ያነባል። ፖዲሜትሪክስ የሚባለው ድርጅት ደግሞ ምንጣፍ ሠራ፤ ጠዋት 20 ሰከንድ ቆመህበት ትሄዳለህ። ይሄ ምንጣፍ በ2017 በወጣ ጥናት፣ በድንገተኛ አደጋ ካልመጡት ቁስሎች 97 በመቶውን በአማካይ ከ37 ቀን በፊት ጠቁሟል። በጣም ትልቅ ነገር ነው። ግን ቁስል ላልወጣባቸውም ብዙ ጊዜ ጮኋል፤ የሐሰት ማስጠንቀቂያው 57 በመቶ ነበር። ልዩነቱን ወደ 3.2 ዲግሪ ሲያሳድጉት ሐሰቱ ወደ 32 በመቶ ወረደ፣ ያኔ ግን የሚያገኘው ቁስልም ወደ 70 በመቶ ወረደ። ከሁለት አንዱን ነው የምትመርጠው።

ሦስተኛው ዓይነት ጫማ ውስጥ የሚገባ ሶል ነው። የካናዳው ኦርፒክስ መጀመሪያ የሠራው ሶል ሙቀት ሳይሆን ጫና ነበር የሚለካው። አንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ ሲጫን እጅ ላይ ያለው ስማርት ሰዓት «አውርድለት» ይላል። ሰውየው ይቀመጣል ወይ እግሩን ያንቀሳቅሳል። በ2019 ከእንግሊዝ በወጣ ጥናት ቀድሞ እግራቸው ቆስሎ የዳነ 58 ሰዎች ይሄን ሶል አደረጉ። ማስጠንቀቂያው በሚደርሳቸው ላይ የቁስሉ መጠን በ71 በመቶ ቀነሰ። በመቶኛው ብዙ ባልፈነጥዝ ይሻለኛል፤ በጠቅላላው የታየው ቁስል 14 ነው፣ 10 ማስጠንቀቂያው ከማይደርሳቸው ወገን፣ 4 ከሚደርሳቸው። አቅጣጫው ግን ጥሩ ነው። ስማርት ሰዓት ለእግር ሲጠቅም የማውቀውም በዚህ ነው፤ ለብቻው ምንም አያውቅም፣ ሶሉ ሲነግረው ያወራል።

እንግዲህ አክስቴ ካልሲውን አጠለቀች እንበል። ቻርጅም ኔትወርክም መብራትም አለ እንበል። እሑድ ማታ ካልሲው ጮኸ። የማስጠንቀቂያው ትርጉም አንድ ነው፦ ተቀመጪ፣ እግርሽን አትርገጪበት። በማግስቱ ሰኞ ነው። የደሴ ሰኞ ምን እንደሆነ ለደሴ ሰው አልነግርም። የሳምንቱ እንጀራ የሚወጣው ያን ቀን ነው። እግሯ አያማትም። ስታየው ቁስል የለውም። ደንበኞቿ ከየገጠሩ ይመጣሉ። ጎረቤት ነጋዴዋ «ምነው ቀረሽ?» ስትላት ምን ትበል? ካልሲዬ ጮኸ?

ሕመም ያለው ሰው ምስክር አለው። ያነክሳል፣ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ቤተሰቡ «ኧረ በአላህ ተቀመጪ» ይለዋል። ሕመም የሌለው ሰው ግን ራሱም አያምንም፣ ሌላውም አያምነውም። ቪዲዮዎቹ የማይነግሩን ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። አሜሪካ ያለው ካልሲም ሆነ ምንጣፍ ብቻውን አይደለም የሚሠራው። በሐኪም በኩል ይሰጣል፣ መረጃው ወደ ነርሶች ይሄዳል፣ ቁጥሩ ሲያልፍ ነርሷ ትደውላለች። ከማሽኑ ጀርባ የምትጠይቅህ ሰው አለች። እሷን አጥፍተህ ገበያ አትወጣም። ካልሲውን ብቻ ከጅዳ በሻንጣ ብናስመጣ የምናገኘው ግማሹን ነው፣ ያውም ርካሹን ግማሽ።

ሌላውን ግማሽ ግን እኛ ማዘጋጀት የምንችል ይመስለኛል። አዲስ አበባ ባለው፣ በሥጋ ደዌ ሕክምና በሚታወቀው አለርት ሆስፒታል በኩል በፈረንጆች 1990ዎቹ የሥጋ ደዌ ሕሙማን በቡድን በቡድን ሆነው ራሳቸውን መንከባከብ ጀምረው ነበር። ይሰበሰባሉ፣ ቁስላቸውን ይተያያሉ፣ እግራቸውን ነክረው፣ መጁን ፍቀው፣ ቅባት ቀብተው ይለያያሉ። ሴንሰር የለ፣ ባትሪ የለ። ወሎ ውስጥ ይሄን የሚችል ድርጅት ልፍጠር ብትል እንኳ አያስፈልግህም፤ ቅሬ አለ፣ ጀማዓ አለ፣ የቡና አጣጭ አለ። ሦስት ስኳር ያለባቸው ሴቶች በአንድ ረከቦት ዙሪያ አይጠፉም። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ስድስት ውስጥ እግር በደንብ ይታያል። ስድስቱ እግር ከምድጃው ራቅ ይበል እንጂ።

በአክስቴ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ እግሯ ይሰማ እንደሆነ ለማወቅ ፈለግሁ። ጤና ተቋም ውስጥ 10 ግራም ጫና የምትሰጥ ቀጭን የናይለን ክር አለች፣ በእሷ ነው የሚፈተሸው። ለቤት ግን ኢፕስዊች በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የተጀመረ ቀላል ዘዴ አለ። ሰውየው ዓይኑን ይጨፍናል። የአውራ ጣቱን፣ የመካከለኛውን ጣትና የትንሿን ጣት ጫፍ በሁለቱም እግር በጣትህ ቀስ ብለህ ትነካለህ፣ ለአንድ ሁለት ሰከንድ። አትጫንም፣ አትኮረኩርም። ሲሰማው «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይላል። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰማው እግሩ ለአደጋ ተጋልጧል ማለት ነው።

አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ሶፋው ላይ ተቀመጠች። አውራ ጣቷን ነካሁ። ዝም። መካከለኛውን ነካሁ። ዝም።

«ጀምር እንጂ የኔ ልጅ» አለችኝ።

የልጅ ልጇ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ እናቷ ጅዳ ያለችው ልጅ። አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአያቷ እግር የእሷ ሥራ ሆነ። ማንም አላዘዛትም።

የቴርሞሜትሩ ሐሳብ ቀጥሎ መጣ። በኮሮና ጊዜ በየበሩ ግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው ዓይነት ነው። አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ግንባር ላይ የሚደገነው ለሰውነት ሙቀት ነው የተስተካከለው፤ የደሴ ጠዋት እግር ከዚያ በጣም ስለሚቀዘቅዝ ቁጥር ሳያወጣ ይቀራል። ብዙዎቹ ግን የዕቃ ሙቀት መለኪያ ሞድ አላቸው፣ ወደዚያ መቀየር ነው። ካልሲ ወልቆ፣ ከምድጃ ራቅ ተብሎ፣ ትንሽ ከተቆየ በኋላ ይለካል። አውራ ጣት፣ ከጣቶች ሥር ሦስት ቦታ፣ መሐል እግር፣ ተረከዝ። ግራና ቀኝ። ልጅቷ በደብተሯ ጀርባ ትጽፋለች። የሚፈለገው ቁጥሩ አይደለም፣ ልዩነቱ ነው። ለሁለት ተከታታይ ቀን ከ2.2 ካለፈ እርምጃ መቀነስና ጤና ባለሙያ ማማከር ነው።

አንድ ሰሞን ከቀኝ አውራ ጣቷ ሥር ያለው ቦታ ከፍ አለ። በማግስቱም ያው። ቀጣዩ ቀን፣ እንዳትስቁ፣ ሰኞ ነበር። «ምንም አላመመኝም፣ አብሽሩ» አለች። ተከራከርን። እኔ ጥናት ጠቀስኩ፣ ጥናቱ ለእሷ ምኗ ነው። ሌሊት ልጅቷ የገበያ ጫማዋን ደበቀችባት። ነጠላ ጫማዋን ብቻ ተወችላት፣ ቤት ውስጥም ባዶ እግር እንዳትሄድ። አክስቴ ጠዋት ተቆጣች፣ ፈለገች፣ ሳቀች፣ ተቀመጠች። የብራንድ ማሽን ያልቻለውን ያቺ ልጅ ቻለች።

ጤና ጣቢያ ስንሄድ ባለሙያዋ መጁን ስትልጠው ከሥሩ የቋጠረ ደም ተገኘ። ቆዳው ገና አልተከፈተም። እዚህ ላይ አንድ ወሬ ልጨምር። አክስቴ ለስኳሯ ክትትል በሄደች ቁጥር ደሟ ይለካል፣ መድኃኒቷ ይጻፋል፤ ጫማሽን አውልቂ ያላት ግን አልነበረም። ወረፋው ረጅም ነው፣ እረዳለሁ። ግን ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እግሩ መታየት አለበት። መላው ቀላል ነው፤ ክፍል ስትገቡ ሳትጠየቁ ጫማችሁን አውልቁ። የወለቀ ጫማ አይቶ እግሩን የማያይ ባለሙያ የለም።

መለካት የማይጠብቀው ነገርም አለ። ክፍት ቁስል፣ ፈሳሽ፣ መጥፎ ሽታ፣ የጠቆረ ጣት ካለ ቴርሞሜትር አይያዝም፣ በዚያው ቀን ሕክምና ነው። አንድ እግር በድንገት ካበጠ፣ ከቀላና ከሞቀ፣ ባያምም እንኳ፣ አጥንቱ ውስጥ ውስጡን እየተሰበረ ሊሆን ይችላል። ሻርኮ ይሉታል። በዚያ እግር መራመድ ቅርጹን ለዘላለም ያጠፋዋል። ማጅራት ገትር ለያዘው ሰው እንደሚሮጠው ለዚህም መሮጥ ነው፣ በታክሲ ግን።

ለጅዳዋ እህቴ የመለስኩላት ረጅም ድምፅ ነበር። ካልሲውን ተይው አልኳት፤ የሚደውል ነርስ አብሮት አይመጣም። ይልቅ ስፌቱ ጎልቶ እግር የማይቆረቁር ተራ ነጭ ካልሲ ላኪ፤ ነጭ የሆነው ደምም ሆነ ፈሳሽ ቶሎ እንዲታይ ነው። ጫማ ከላክሽ እግሯን ማታ ላይ፣ አበጥ ሲል፣ ወረቀት ላይ አስምሬ ፎቶ እልክልሻለሁ፤ ጫማው ከሥዕሉ መጥበብ የለበትም። ለሰዓት ያሰብሽውን ብር ደግሞ አስቀምጪው። እግሯ ሲሞቅ ሰኞን የምትሸጥላት ልጅ የሚከፈላት ከዚያ ነው። እሷም መልሳ፣ «ሰዓቱንስ ቢሆን ጎረቤት ምን ይላል፣ ልጇ ጅዳ ናት እየተባለ» አለችኝ። ይሄም ክርክር ነው፤ አላሸነፍኩም።

የቀረኝ ነገር ለኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ልጆች ነው። ከተማችሁ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፣ እናንተ ጋ ኤሌክትሮኒክስ የሚያውቅ አለ። ሙቀት የምትለካዋ ሴንሰር ርካሽ ናት፤ እኔ ጋ ከሞቱ ባትሪዎች የወጡ ሞልተዋል። የምትሠሩት ዕቃ ግን አፕ አይፈልግ፣ በተራ የጽሑፍ መልእክት ይላክ። መልእክቱ ለባለ እግሩ ብቻ አይሂድ፤ ለልጁ፣ ለጎረቤቱ፣ ቢቻል ለጤና ኤክስቴንሽኗ ይድረስ። ቁጥር አያብዛ፣ «ቀኝ እግር፣ አውራ ጣት ሥር» ይበል በአማርኛ። መብራት ሲጠፋ አይሙት። ማጥፊያ ቁልፍ አይኑረው። ናሙና የሠራ ካለ ፒያሳ ብቅ ይበል፤ ሶልደሩን እኔ እይዛለሁ። ለሙከራ የሚሆነውን እግር በተመለከተ ከአክስቴ ጋር ራሳችሁ ተደራደሩ፣ ከሰኞ ውጭ ባለ ቀን።